እጅሽ ትንሽ ናት፣ ቀጭኑን ያዢ

«እጅሽ ትንሽ ናት፣ ላንቺ ቀጭን ኔክ ነው የሚሆንሽ።» ኔክ ማለት ግራ እጅ የሚይዘው የጊታሩ አንገት ነው፣ ይቺን ነገር ደግሞ ያላለኝ ሰው የለም። ጊታር የሚሸጠው ይላታል፣ አብሮኝ የሚጫወተው ልጅ ይላታል፣ ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳን መዳፌን ገልበጥ አድርጎ አይቶ ይላታል። ክፋት የለውም፣ ለኔው አስበው ነው። ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ፣ ምክንያቱም ረጅም ዘፈን ላይ ኮርድ ይዤ፣ ማለትም ብዙ ክር ባንዴ ተጭኜ፣ ስቆይ ቀድሞ የሚደክመኝ ጣቴ አይደለም፣ አውራ ጣቴ ሥር ያለችው ሥጋ ናት፣ እሷ ደግሞ ክፉኛ የምትቃጠለው ቀጭን ኔክ ስይዝ ነው። ታዲያ ቀጭኑ የትንሽ እጅ ከሆነ የኔ እጅ ምን ሆኖ ነው የሚያኮርፈው?

ምናልባት እንዲሁ እተወው ነበር። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ሊድ ጊታር ላምጣልሽ፣ የቱን?» ብሎ በቴሌግራም ሲጽፍልኝ ነው ነገሩ የግድ የሆነው። ልጁ ቸር ነው እንጂ ጊታርና ክራር ለይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፎቶ በላይ በላዩ ይልካል፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ከፊት ነው የተነሳው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ጀርባው ነው፣ ጀርባውን ቢያነሳልኝ እንኳን ክብነቱ በፎቶ አይታይም። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ፣ እጄ ሳይነካው፣ ሌላ ሰው ገንዘብ አውጥቶበት፣ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን «ትንሽ ቆይ» አልኩት።

## ሽቦው

ወደ ጠባሴ በኩል አንድ ጋሼ አሉ፣ ዱሮ አዲስ አበባ ሆቴል ቤቶች ጊታር ሲመቱ የኖሩ፣ አሁን ልጃቸው ጋር የሚኖሩ። ልጃቸው ቶርኖ ቤት ነው የሚሠራው። እሳቸው ቤት ሁለት ሊድ ጊታር አለ፣ ሁለቱም ስንቴ ቀለማቸው የተላጠ፣ ግን ኔካቸው ጤነኛ። ሄጄ የአክስቴን ልጅ ነገር አጫወትኳቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይሉኛል፣ ሁሉም ሰው ቀጭን ነው የሚለኝ» አልኳቸው። ምንም አላሉኝም። ተነስተው ሁለቱንም አወጡና፣

«በይ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ አቀብልሻለሁ፣ የቱ ነው ወፍራሙ?» አሉኝ።

ያዝኩ፣ መለስኩ፣ ሌላውን ያዝኩ፣ ኤፍ ኮርድ ሠራሁበት፣ አልተጠራጠርኩም። «ሁለተኛው ነው ወፍራሙ፣ በጣም ይለያያሉ» አልኩ። ልጃቸውን ጠሩና ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ አስመጡ። የመጀመሪያው ፍሬት ጋ (ፍሬት ኔኩ ፊት ላይ በአግድም የተተከለው ስስ ብረት ነው) ሲለካ የመጀመሪያው ጊታር 21 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፣ ሁለተኛውም 21 ከምናምን፣ የምናምኑ ልዩነት ደግሞ የወረቀት ውፍረት አታክልም። ካሊፐሩን ተቀብዬ ራሴ ለካሁት፣ ያው ነው። ጋሼ ይስቃሉ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው። ባለ 2.5 የመብራት ገመድ ቁራጭ ፈልገው ፕላስቲኩን ላጡና ውስጡን ያለውን መዳብ አወጡ። መዳቡን ከጊታሩ ጀርባ በኩል ኔኩ ላይ ጠምጥመው በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጫኑ እንጨቱ ላይ ለጠፉት፣ ከዚያ ቅርጹ እንዳይከፈት ቀስ ብለው ወደ ታች አወጡትና ደብተር ላይ አስተኝተው በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመሩ። ሁለተኛውንም እንደዚሁ አድርገው እላዩ ላይ አሰመሩት። ሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ፣ ማለትም ካሊፐሩ የነካበት ቦታ ላይ፣ ተደራርበዋል። ወደ ጎን ሲሄዱ ግን ይለያያሉ፣ አንደኛው ቶሎ ዘቅዝቆ ወደ ፍሬቱ ጠርዝ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ትከሻውን ይዞ ይቆይና መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው።

«አየሽ፣ ካሊፐሩ የለካው መሃሉን ነው፣ እጅሽ የሚይዘው ግን ጎኑን ነው» አሉኝ። ቡና ሳይፈላ ተፈታ።

እዚያች ደብተር ላይ ብዙ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ስለ ኔክ ሲያወራ ቀጭን ወፍራም ይላል፣ ግን ቀጭን ወፍራም አንድ ቁጥር ነው፣ ቅርጽ ደግሞ አንድ ቁጥር አይደለም። ፋብሪካዎቹም ለዚህ ነው በላቲን ፊደል የሚጠሩት፣ ሲ ሲሉ እንደ ግማሽ ክብ ለስለስ ያለ ነው፣ ዲ ሲሉ ጀርባው ጠፍጠፍ ብሎ ትከሻው የሞላ፣ ዩ ሲሉ ጎኑ ቀጥ ብሎ የወረደ ግዙፍ፣ ቪ ሲሉ መሃሉ ላይ ሸንተረር ያለው። ያም ሆኖ ፊደሉ ብቻውን አያስተማምንም፣ ቀጭን ሲም አለ ወፍራም ሲም አለ። ፊደሉንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ነው መጠየቅ።

## ለምን ቀጭኑ አደከመኝ

ከጉድጓድ ወይ ከቦኖ ውሃ በጀሪካን የተሸከመ ሰው ያውቀዋል፣ ባለ 20 ሊትሩን ስታነሺ መዳፍሽን የሚቆርጠው ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ የመያዣው ቅጥነት ነው። ለዚህም ነው እናቶች ጨርቅ የሚጠመጥሙበት። ጨርቁ ጀሪካኑን አያቀለውም፣ መዳፍን ሞልቶ ሸክሙን ያከፋፍላል እንጂ። ኔክም ላይ የሆነው እሱ ነው። በጣም ቀጭን ስይዝ ጣቶቼና አውራ ጣቴ ለመጨበጥ ብዙ ይታጠፋሉ፣ መዳፌ ባዶውን ይቀራል፣ መሃል ላይ የሚደግፈኝ ነገር ስለሌለ ኮርዱን የምይዘው በመቆንጠጥ ብቻ ነው። መቆንጠጥ ደግሞ የአውራ ጣት ሥር ሥራ ናት፣ እሷ ትንሽ ጡንቻ ናት፣ ቶሎ ትዝላለች። ትከሻው የሞላው ሲሆን የመዳፌ ሥር እንጨቱን ያገኘዋል፣ ጋን በጠጠር ይደገፋል አይደል፣ ያቺ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንጨት ናት ለካ እጄን የምትደግፈው።

ይሄን ስል ቀጭን ኔክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትጣሉኝ። አይባኔዝ የሚባለው የጊታር ፋብሪካ ዊዛርድ የሚለው ኔክ አለው፣ ዊዛርድ 3 የሚባለው የመጀመሪያው ፍሬት ጋ 19 ሚሊ ሜትር፣ 12ኛው ጋ 21 ነው፣ ጀርባው ጠፍጣፋ። አውራ ጣቱን ኔኩ ጀርባ መሃል ላይ አድርጎ ጣቶቹን ዘርግቶ በፍጥነት ለሚጫወት ሰው ይሄ ገነት ነው። እኔ ግን እንደሱ አልጫወትም። አውራ ጣቴ ወደ ላይ ወጥታ ከኔኩ ጠርዝ በላይ ብቅ ትላለች፣ አንዳንዴ ወፍራሙን ክር በሷ እይዛለሁ። እንደዚህ የሚይዝ ሰው እጁ ኔኩን ያቅፈዋል፣ ለማቀፍ ደግሞ የሚታቀፍ ነገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «እጅሽ ስንት ያክላል?» ሳይሆን «አውራ ጣትሽ የት ነው የምታርፈው?» ቢለኝ ነበር የሚሻለው። ትንሽ እጅ ኖሮት ቀጭን የሚወድ ሞልቷል፣ ትልቅ እጅ ኖሮትም እንደዚያው። ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም።

እኛ ጋ ያለው አጨዋወትም ነገሩን ያከብደዋል። ኢቤክስና ሮሃ ባንድ ውስጥ ሰላም ስዩም የመታውን ጊታር ሲሰማ ያደገ ሰው ያውቃል፣ ጊታሩ አይጮህም፣ ከዘፋኙ ጎን ጎን እየሄደ ይሸምናል። ያ ሽመና ደግሞ ቶሎ አያልቅም። የጥር ሰርግ ላይ ጭክችካ ከተጀመረ ጨፋሪው ሳይደክም ባንዱ አያቆምም፣ አንዱ ዘፈን ካንዱ እየተቀጣጠለ፣ ሙሽሮቹ ጋ ሽልማት እየተሰጠ፣ ያቺ ግራ እጅ አንድ ቦታ ተጨብጣ ትቆያለች። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ነካ ነካ ተደርጎ የተመቸ ኔክ እዚያ ሰርግ ላይ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ለዚህ ነው ጊታር ስትሞክሩ ሶሎ አትሞክሩበት የምለው፣ ባሬ ኮርድ፣ ማለትም አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተኝቶ የሚጫንበትን፣ ይዛችሁ እስኪሰለቻችሁ ሪትም ምቱበት፣ ባለ ሱቁ ቢሰለቸውም ይሰልቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕስ መውጣት ነው ግን። ማሲንቆ መቺዎች ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፣ ክሩን እንጨት ላይ አይጫኑትም፣ በጣታቸው ጎን ነካ እያደረጉ ነው ድምፁን የሚያወጡት። ክራር ደግሞ ኔክ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። አንዱ የመንዝ ማሲንቆ መቺ ይሄን ሁሉ ሲሰማ «እና እናንተ እንጨቱን ለምን ታንቁታላችሁ?» አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

## ርዝመት ሌላ፣ ውፍረት ሌላ

የትንሽ እጅ ችግር ውሸት ነው አላልኩም፣ አለ። ግን ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጣቴ ከመጀመሪያው ፍሬት አራተኛው ድረስ አልደርስ ስትለኝ የሚወስነው የኔኩ ውፍረት አይደለም፣ የክሩ ርዝመት ነው፣ ከናቱ (ኔኩ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍባት ቁራጭ) እስከ ብሪጁ (የጊታሩ ሆድ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት) ያለው። ስኬል ይሉታል። የፌንደር ፋብሪካ ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር 648 ሚሊ ሜትር ናቸው። የጊብሰን ፋብሪካ ሌስ ፖል 628 ገደማ ነው፣ የፒአርኤስ ፋብሪካ አብዛኛው መሃል ላይ 635 ነው፣ የፌንደር ሙስታንግና ጃጓር ደግሞ አጭር ናቸው፣ 610።

20 ሚሊ ሜትር ምን ልዩነት ያመጣል ትሉ ይሆናል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ648ቱ ላይ ከናቱ እስከ አራተኛው ፍሬት 134 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፣ በ628ቱ 130 ገደማ፣ በ610ሩ ደግሞ 126 ገደማ። ከረጅሙ እስከ አጭሩ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትንሿ ጣቴ ላይ ይሄ ወርቅ ነው። በዚያ ላይ ክሩ ሲያጥር፣ ውፍረቱና ቅኝቱ ያው ከሆነ፣ ውጥረቱ ይቀንሳል፣ ስትጫኚው ይለዝባል። እና ያ ሁሉ ሰው «ቀጭኑን ያዢ» ሲለኝ አንድ ሰው እንኳን «አጭሩን ያዢ» አላለኝም፣ ይሄ ነው የሚገርመኝ።

ስፋቱም አለ። ናቱ ጋ ሲለካ ብዙው ሊድ ጊታር 42 ወይ 43 ሚሊ ሜትር ነው፣ የክላሲካሉ ናይለን ክር ጊታር ደግሞ 52 አካባቢ፣ በሱ የጀመረ ሰው ሊድ ጊታር ሲይዝ ክሮቹ የተጣበቁበት ለዚህ ነው። የ42ና የ43 ልዩነት ለኔ እጅ ብዙም አልታወቀኝም።

ፍሬቶቹ የተተከሉበት ገጽ ክብነት ግን ይታወቃል። የዱሮ ፌንደሮች 184 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ነበሩ፣ ማለትም ገጹ ጎበጥ ያለ ነው፣ ለባሬ ኮርድ ጣት ይመቸዋል፣ ግን ክሩ ወደ ፍሬቱ በጣም ዝቅ ተደርጎ ከተቃኘ ላይኛው ፍሬት ላይ ቤንድ ስታደርጊ፣ ማለትም ክሩን ወደ ጎን ስትስቢ፣ ድምፁ ይታፈናል። የአሁኖቹ አብዛኛው 241 ናቸው፣ ጊብሰን 305 ነው። ትዝታም አምባሰልም ስንጫወት ድምፃዊው እንደሚያደርገው ክሩን ስበን ማንቀጥቀጥ እንወዳለን፣ ስለዚህ 184ቱን ከዝርዝሬ አወጣሁት፣ ቅር እያለኝ።

ስለ ዘመን ሲወራ ደግሞ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፣ «የ50ዎቹ ኔክ» «የ60ዎቹ ኔክ» ይላሉ። ሌስ ፖል ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፣ ያኔ ኔኩ ወፍራም ክብ ነበር፣ በ60ዎቹ መጀመሪያ አቀጠኑት። ዛሬ የሚሠሩትም በነዚያ ስም ነው የሚሸጡት፣ የ50ዎቹ የሚባለው የመጀመሪያው ፍሬት ጋ 22 ሚሊ አካባቢ፣ የ60ዎቹ 20 አካባቢ። እና አዲስ ጊታር ላይ «60ዎቹ» የሚል ካያችሁ ዕድሜው አይደለም፣ ውፍረቱ ነው።

## ብርዱም ድርሻ አለው

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ጊታር ሲጽፍ ብርድ ሳያነሳ አይሆንም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፣ ጠዋት ጣት አይታዘዝም። እና ያ ማለዳ ላይ የማይመች ኔክ ሁሉ የኔኩ ጥፋት አይደለም፣ እጅ ሳይሞቅ ጊታር አትሞክሩ። ሻይ ያዙ መጀመሪያ።

ግን ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ድርቀቱ ነው ትልቁ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የኔኩ እንጨት እርጥበቱን ያጣና ትንሽ ይሸማቀቃል፣ ፍሬቱ ግን ብረት ነው፣ አይሸማቀቅም፣ ስለዚህ ጫፉ ከእንጨቱ ጠርዝ ብቅ ይላል። እጅሽን በኔኩ ጎን ከላይ እስከ ታች ስታንሸራትቺ ይቧጭርሻል። ክረምት ላይ ለስላሳ የነበረ ጊታር ጥር ላይ መጋዝ ይሆናል። ብዙ ሰው «ይሄ ጊታር ኔኩ አይመችም» የሚለው ቅርጹን ሳይሆን ይቺን ጫፍ ነው፣ እሷ ደግሞ በስስ ሞረድ የምትስተካከል ናት፣ ግን የሚያውቅ ሰው ይንካት።

ጣርማበርን አልፈሽ ስትወርጂ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተሽ ሳትጨርሺው ሙቀቱ ይቀበልሻል፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አይሞላም። ጠዋት ደብረ ብርሃን ቃኝተሽ የወጣሽው ጊታር እዚያ ስትደርሺ ክሩ በሙቀት ለቅቆ ቅኝቱ ወርዷል። እንጨቱም ሰንበትበት ካለ ይንቀሳቀሳል፣ ኔኩ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ የሚባለው ብረት ለሱ ነው፣ በመፍቻ ትንሽ ትንሽ እያሉ ጉብጠቱን ያስተካክሉበታል። ትረስ ሮድ ቅርጹን አይቀይርም ግን፣ ወፍራሙን አያቀጥንም፣ ይሄን የሚያምን ሰው አጋጥሞኛል። እና ጊታር ስገዛ የመፍቻው ቀዳዳ ጤነኛ መሆኑን ሳላይ አልሄድም፣ እዚህ መውጣት መውረድ ለሚበዛበት ሰው ይሄ ከቀለም ይበልጣል።

## ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩለት

በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ እንዲህ ብዬ ላክሁለት። ስኬሉ 628 አካባቢ ይሁን፣ ከ635 አይለፍ። የመጀመሪያው ፍሬት ጋ ውፍረቱ ከ21 እስከ 22 ሚሊ ሜትር፣ ትከሻው የሞላ ሲ ወይም ለስለስ ያለ ዲ፣ ባለ ሱቁ ቪ ካለህ ተወው። ራዲየሱ ከ241 እስከ 305። ኔኩን በጎኑ አንሸራተህ እጅህን ከቧጨረህ ሌላ ጠይቅ። የመብራት ገመዱን ነገርም በድምፅ አስረዳሁት፣ «ሱቅ ውስጥ ሽቦ ይዤ ገብቼ ሊያስሩኝ ነው?» አለ። እሺ ሽቦው ይቅር አልኩት።

ቁጥሩን ሁሉ አንብቦ ሲያበቃ የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፣ «ቀለሙስ?»

«ቀለሙን እንደፈለግክ፣ የኔኩ ጀርባ ግን ማት ይሁን፣ የሚያብረቀርቅ አይሁን» አልኩት። ምክንያቱም የሚያብረቀርቀው ቅብ እጅ ላብ ሲይዘው ይጣበቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሰርግ ላይ እጅሽ ከቦታ ቦታ አልሄድም ይላል፣ ያኔ የቅርጹ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም።

«ማት ከሌለስ?»

«ከሌለ ግድ የለም፣ በአረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ጀርባውን በስሱ እፈትገዋለሁ፣ አንጸባራቂነቱ ይለቃል፣ እንጨቱ አይጎዳም» ብዬ ጻፍኩለት። ረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው» ሲል ቆየና፣

«ይሄን ያህል ብር አውጥቼ የማመጣውን ዕቃ በስፖንጅ ልትፈትጊው ነው? ለእናትሽ እንዳልነግር» አለኝ።